በቬሎው ገበር ላይ የተገኘው ፕላስተር

ውድ እታለም፣

ትናንት ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። የደረሰብኝን ሁሉ ስነግርሽ ከት ብለሽ ስቀሽ፣ «ውይ፣ እኔም እኮ እንደዚያው ነበርኩ! ይሄ ደግሞ ይወራል እንዴ?» አልሽኝ። እንግዲህ ካልተወራ ይጻፋል። ቁጭ በዪና አንብቢው።

አዎ እታለም፣ ይወራል! ቢወራ ኖሮ ሳላብድ አበድኩ ብዬ አልከርምም ነበር። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሳቲን ዘርግቼ እንደቆምኩ ሙቀት ከደረቴ ይነሳና ፊቴን ይለበልበኛል። ላቤ ጠብ ብሎ የሙሽራ ጨርቅ ያበላሻል። እንቅልፍ የለ። የለካሁት ቁጥር ሜትሩን ሳላጥፍ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ለአንድ ቬሎ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጬ አረፍኩት። እኔ! ገና ልጅ ሳለሁ «ምላጭ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ! አሠሪዬ መቀሱን ከእጄ ተቀብላ፣ «ለጊዜው ቁልፍ ትከዪ» አለችኝ። ለቆራጭ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ጭንቀት ነው፤ ጭንቀት ቀንሺ» ብሎ የእንቅልፍ ክኒን ጻፈልኝ። ቀንሺ! እንደ ስኳር! ሁለተኛው ልቤን አዳምጦ፣ «ጤነኛ ነሽ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ዕድሜ መሆኑንማ መቼ አጣሁት? ዕድሜ ከሆነ ዝም ብዬ ልቃጠል? አንዳቸውም ስለ ወር አበባዬ አልጠየቁኝም።

የጠየቀችኝ ሦስተኛዋ ናት። «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ያጥለቀልቀኛል አልኳት።

«ማረጥ ደጃፍ ላይ ነሽ» አለችኝ።

«ኧረ ገና አርባ ሰባት ዓመቴ ነው!»

«ታዲያ ሰዓቱ አይደል?»

በቤተሰብ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የደም ግፊት እንዳለ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣ «እናትሽና እህትሽ በስንት ዓመታቸው አረጡ?» አለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእናታችንን የጫማ ቁጥር አውቃለሁ። ያንቺን ቀሚስ ሳልለካሽ እቆርጣለሁ። ይህን ግን ማን ነግሮኝ!

ሆርሞን አዘዘችልኝ፤ ከእምብርት በታች የሚለጠፍ ፕላስተርና ማታ ማታ የሚዋጥ እንክብል። እንክብሉን ስጀምር እንቅልፌ ተመለሰ። ሙቀቱ ግን ወይ ፍንክች! ፕላስተሩን ልቀይር ስል አሮጌውን ቦታው ላይ አላገኘውም፤ ገላዬን ስታጠብ ወድቆ ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ሐኪሟም «ካልተሻለሽ መጠኑን እንጨምራለን» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትሞክር መጣች። አክስቷ የቀሚሱን ጫፍ ገልጣ ስታይ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ከገበሩ ላይ አንድ ነገር ላጠች። የኔው ፕላስተር! ቁልፍ ስተክልም ሆዴን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ አይደል የምሠራው? ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ፣ በላብ ሲርስ፣ እየተላጠ ይረግፍ ኖሯል። ለካ መድኃኒቴን ሲወስድልኝ የከረመው ሳቲኑ ነው።

አሠሪዬ አፈጠጠችብኝ። «የኔ ነው» አልኩ። «የሆርሞን መድኃኒት ነው። እያረጥኩ ነው።» መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም። አክስትየዋ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «የት ነው የሚገኘው?» አለችኝ።

ሲሄዱ አሠሪዬ በሩን ዘግታ፣ «እኔም እኮ...» ብላ ጀመረች። ከጠረጴዛዋ የማይጠፋውን ማራገቢያ አጫውቼሽ የለ? «ጨርቁ እንዳይሻግት ነው» ትለን የነበረውን? ሴትዮዋ እሷም ስትቃጠል ነው መቀሴን የወሰደችብኝ! እታለም፣ የዚያን ቀን ብቀጣጠልም አይገርም ነበር።

ሐኪሟ መጠኑን አልጨመረችም። ፕላስተሩን ጠረጴዛው ከማይደርስበት፣ ወደ ኋላ ዳሌዬ ላይ እንድለጥፈው አደረገች። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሙቀቱ በረደልኝ። መቀሴንም መልሺልኝ ብዬ አልለመንኩም፤ ከመሳቢያዋ ራሴ አውጥቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

አንቺ መስኮት ሥር ቆመሽ በድስት ክዳን ስታራግቢ ትዝ ይለኛል። «ምን ሆነሽ?» ስንልሽ «ምንም» ትዪናለሽ። ዘመዱ ሁሉ «ጠባይዋ ተበላሸ» ሲልሽ ዝም ብለሽ ተሸከምሽው። ላንቺም እኮ ነው የምናደደው! አንቺም ሐኪም ይገባሽ ነበር፣ አንቺም መተኛት ይገባሽ ነበር። ግን ካለፈልሽ በኋላ እንኳ አንዲት ቃል ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ታናሻችን ደወለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ፣ ምን ነካኝ?» እያለች ታለቅሳለች። የኔን አንድ ሳላስቀር ነግሬያታለሁ። ያንቺን ግን ራስሽ ንገሪያት። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪላት፤ ሐኪም «እህቶችሽ በስንት ዓመታቸው አረጡ?» ሲላት እሷም እንደኔ አፏን ከፍታ እንዳትቀር። ለኔ ከዚያ በኋላ ትደውያለሽ። በፊት ከደወልሽ አላነሳም።

ያኮረፈችሽ፣ ደግሞም የምትወድሽ፣
ምላጭ