ስለ ሰባት ኪሎዬና ስለ ተነቀለው መስታወት

ይድረስ ለተከበሩ የጂማችን ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ አባልዎ፣ ከጂሙ ማዶ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ደህንነቴ ግን እስከ ፊታችን ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ስለወሰኑብኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕር አንሥቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለፈው ሰኞ በሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚደረገው ፈተና ሃያ ኪሎ ከራሱ በላይ ማንሣት ያልቻለ አባል፣ ከትልቁ አዳራሽ ተነሥቶ መወልወያና የተሰበረ መሮጫ ማሽን ወደሚቀመጡበት የኋላ ክፍል ይዛወራል ይላል። እኔ የማነሣው ሰባት ኪሎ ነው። ወደ ላይ ሁለት፣ ወደ ታች አራት እየቆጠርኩ፣ ወገቤን ሳላጎብጥ፣ ክርኔን ሳላወዛውዝ አነሣዋለሁ። ስለዚህ ፈተናው በስሜ የተዘጋጀ ያህል ቆጥሬ ስለ ክብሩ እጅ ነሥቻለሁ።

አንደኛ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ያኔ አዲስ ገቢ ሳለሁ ከኋላዬ ቆመው «ጨምሪ! ጨምሪ! ምን ያሽኮረምምሻል?» ሲሉኝ፣ እኔም እልኸኛ ነኝና ጨመርኩ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ እጄ ከአገጬ በላይ አልወጣ አለኝ። ፀጉር ሠሪ ደግሞ ቢጉዲ የምትጠቀልለውም፣ ፀጉር የምታደርቀውም እጇን ሰቅላ ነው። ደንበኞቼ ወለል ላይ ትራስ አንጥፈው እየተቀመጡ ተሠሩልኝ፤ የቸኮሉት ሌላ ቤት ሄዱ። የራሴን ፀጉር የምታበጥረኝ ልጄ ነበረች፤ ያለቀስኩትም ያኔ ነው። በእርስዎ ፊት ባለማልቀሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ የአዳራሹን የግድግዳ መስታወት ስለነቀሉልን። ትከሻዬን ያከመችኝ ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ኪሎ አስጀምራኝ ለሰባት ያበቃችኝ በዚያ መስታወት እየታገዘች ነው፤ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲሸሽ የሚያሳብቅብኝ እሱ ብቻ ነበርና። በምትኩ የሰቀሉት የጀግኖች ሰሌዳ ግን ዓይን ይስባል። በአንደኝነት የተጻፈው፣ «ክሬን» የምንለው ወንድማችን፣ መቶ ኪሎውን ደረቱ ላይ አንጥሮ ሲያነሣ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ጓደኞቹ ብረቱን ይስቡለታል። እነዚያ ምስኪኖች ደም ሥራቸው እስኪገተር ለፍተው ሳለ ስማቸው ሰሌዳው ላይ አለመውጣቱ አንጀቴን በልቶታል። እባክዎ ይታሰብበት።

ሦስተኛ፤ ክብደት የማይጨምር ጡንቻ አያወጣም ስላሉን ምክር። እውነትዎን ነው፣ መጨመርስ ያስፈልጋል፤ እኔም ከአንድ ወደ ሰባት የደረስኩት ጨምሬ ነው። የጨመርኩት ግን የቀደመውን አሥራ ሁለት ጊዜ ሳልወላገድ ማንሣት ስችል እንጂ ሰው ስላየኝ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዛሬ ከጠዋት እስከ ምሽት እጄን ሰቅዬ እውላለሁ፤ ልጄም ክንዴን እየነካካች «እማ፣ ይሄ ነገር ድንጋይ ሆነ እኮ!» ትለኛለች። ደስታው ፊቴ ላይ ያሳብቅብኛል።

አራተኛና አምስተኛም ነበሩኝ፤ ዳሩ ግን ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሃያ ኪሎውን አልነካም። ይህን እጅ መልሼ ያገኘሁት በስምንት ወር ሕመምና ከዓመት በላይ በሆነ ትዕግሥት ነው፤ እኔም ልጄም የምናድረው በሱ ነውና ለሰሌዳዎ ማድመቂያ ሁለተኛ አልሰጠውም። አዳራሹ መሀል ቆሜ ሰባት ኪሎዬን አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣለሁ፤ ሦስት ደንበኞቼም ከነቢጉዲያቸው መጥተው ጮክ ብለው ይቆጥሩልኛል። ሊያስወጡኝ ከፈለጉ እስክጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁኝ፤ ቀስ ብዬ ስለማነሣ ትንሽ ያቆይዎት ይሆናል።

ዕድሜዎን አርዝሞ ድምፅዎን ዝቅ ያድርግልን እያልኩ፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

አክባሪዎ፣
የማዶዋ ፀጉር ሠሪ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ በመስኮቴ ስመለከት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደጃፉ ላይ ጃኬትዎን ስታለብስዎ ነበር፤ ቀኝ እጅዎ ወደ እጅጌው አልገባ ብሎ ፊትዎ ሲጨማደድ አየሁ። ሕመሙን አውቀዋለሁና ከልቤ አዘንኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጎበዝ ናት፣ በአንድ ኪሎ ታስጀምርዎታለች። እስከዚያው ግን ያንን የኋላ ክፍል ቢያስጠርጉት መልካም ነው፤ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ባነበውም ሥራ አስኪያጅን አይመለከትም የሚል ቃል አላገኘሁበትም።