ጨው ቀማሽ

ልጄ ኑሰይባ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያገናኝሽ። ልጅሽን ሐሊማን ሳሚልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽን የጣና ነፋስ ጉንፋን አስይዞት ሰነበተ፤ ከሱቅ ግን አልቀረም።

የላክሽልኝን የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት ረመዳን ሲገባ ጀመርሁት። የሾርባውን ሥጋ ቶሎ ያበስለዋል፣ አልዋሽሽም። ግን ክዳኑ አንዴ ከተቆለፈ ማማሰል የለ፣ ማየት የለ። ድሮ ሾርባው ከአሱር ሶላት ጀምሮ ከሰል ላይ ሲንተከተክ፣ እኔ ጾመኛ ስለሆንሁ ጨዉን የምትቀምሽልኝ ገና ጾም ያልጀመርሽው አንቺ ነበርሽ። ጭልፋውን ይዘሽ "ትንሽ ይቀረዋል" እያልሽ ደጋግመሽ ትቀምሽ ነበር። የምትፈልጊው ሥጋውን እንደሆነ ባውቅም ጭልፋውን አልነጥቅሽም ነበር። አሁን ጨዉን በግምት አድርጌ እዘጋዋለሁ። ትናንት በዛ። አባትሽ ውሃ ጨምሮበት ጠጣው።

ከሥራ ደክሞሽ ስትገቢ ሳትበይ እንዳትተኚ። አላህ ጤናና ዕድሜ ሰጥቶ ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሐሊማን ጾም ሳትጀምር አምጪልኝ። ጭልፋውን እጇ እንዲደርስበት ዝቅ አድርጌ ሰቅየዋለሁ።

እናትሽ ዘሃራ፣ ከባሕር ዳር