ካሜራው ሌሊት የሚያየው

ፖህ 2

ብዕሩን የያዘችው ኪራን ናት፣ ለሥራ ርቆ የሄደው የታናሹ ልጄ ሚስት። የምናገረው እኔ ጋጃን ሲንግ። ማንበብ አላውቅም፣ መጻፍ አላውቅም፣ አላፍርበትም። ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ ሦስቱም ውኃ የሰጡኝ ሰው ነኝ። እሷ የሚጽፍ እጅ አላት፣ እኔ የሚናገር አፍ አለኝ። ይበቃል።

ትልቁ ልጄ ሃርዋንት ነው ያስጀመረን። ከጣሊያን ደውሎ፣ "ባፑ፣ ካሜራው በየሌሊቱ ምን እንደሚያሳይ ያስጽፉልኝ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳያለሁ" አለ። ለእሱ የሚጻፈውን ኪራን በስልክ ትልክለታለች። ይሄኛው ግን የኔ ነው። ለማንም አይነበብም።

ዛሬ... ምን አለ ዛሬ? ፖህ ገባ፣ የብርዱ ወር፣ ጉሙም አብሮት ገባ። ጎሿ ታለበች። የሰናፍጭ ቅጠል ተቀቀለ። ናሲብ ሁለት የበቆሎ ቂጣ በላች። ካሜራው ቀን ደህና ነው፤ ሌሊት ነጭ። እርጎ ውስጥ እንደማየት።

ፖህ 3

ነገሩን በቅጡ ልናገረው። ናሲብ ካውር ባለቤቴ ናት። አእምሮዋ እየከዳት ነው። ጠዋት ደህና ትሆናለች፣ ሲመሽ ሌላ ሰው። ባለፈው ወር ሌሊት በሩን ከፍታ ወጣች። ሲነጋጋ ወተት ሰብሳቢው ቦዩ ዳር አገኛት፣ በባዶ እግሯ፣ ውኃው ጫፍ ላይ ቆማ። እኔ ተኝቼ ነበር። አልሰማሁም።

ያኔ ነው ሃርዋንት ካሜራውን ያስተከለው። ቲርሎክ፣ የመብራት ሠራተኛው፣ በረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ግቢውንና የውጭውን በር ያያል። ድምፅም አለው። ሃርዋንት እዚያ የሰው ላም እያለበ እዚህ በሳጥኑ ይናገራል። "ቤቤ፣ በላሽ?" ይላታል። እናቱም ቀና ብላ ትመልስለታለች። ልጇ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላታል።

ኪራን ደግሞ በሳጥኑ ፊት ባለፈች ቁጥር ክንብንቧን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ነዋ የሚያያት። "ሳጥን እኮ ነው" ብላት፣ "ሳጥኑ ውስጥ ዓይን አለ፣ ባፑ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሃርዋንት ቁርጡን ተናግሯል። ወሩ ሲያልቅ ሎህሪ ነው፣ የእሳቱ በዓል። እስከዚያ ሳጥኑ ሌሊቱን ጥርት አድርጎ ካላሳየው እህቱ ሱርጂት መጥታ እናቷን ወደ ሉዲያና ትወስዳለች። ሱርጂት የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሯ ሁልጊዜ ይቆለፋል። ናሲብ ደግሞ አፈር ካልረገጠች ውሎዋን አታውቀውም።

አንድ ሳጥን ሌሊት ስላላየ ሚስቴን ሊወስዱብኝ?

ፖህ 5

ትናንት ቲርሎክ መጣ። አንጋጦ አየና፣ "ጉሙ ነው" አለ። "ካሜራው በጨለማ የራሱን መብራት ይረጫል። ፊቱ ላይ ትንሽ ከመቅላት በቀር ሰው አያየውም። ጉሙ መልሶ ይወረውርበታል።"

"ጉም በሌለበት ሌሊትስ?"

"እንግዲያው ሸረሪት ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ፊቱ ላይ ያደራል።"

ድሩን ጠረግን። ሌሊቱን ያው ነጭ ሆነ። "እንግዲያው ግድግዳው ነው፣ አዲስ ኖራ ቀብታችኋል፣ ያንፀባርቃል" አለ በስልክ። ነጩን ግድግዳ ጭቃ ለቀለቅሁት። ጎረቤቴ ማህንጋ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ "ጋጃን ሲንግ፣ በእናንተ ቤት ለበዓል እንዲህ ነው እንዴ የሚዋበው?" አለኝ። "የአንተንም ፊት ልለቅልቅልህ?" አልኩት። ገባ።

ፖህ 6

ነጭ።

ፖህ 9

ትናንት ቲርሎክ ከመሸ በኋላ መጥቶ፣ በመሰላል ወጥቶ ሳጥኑን በጨርቅ ወለወለ። ጨርቁ ጠቆረ። "ጥቀርሻ" አለ፣ ወርቅ እንዳገኘ ሰው። "ምድጃችሁ ነው።"

ኪራን ከውስጥ ሰምታ፣ "የኔ ምድጃ ጭሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እንደ ሰው ወሬ ወዲያ ወዲህ አይልም" አለች። እንዳለችው ጽፋዋለች። ቢሆንም ምድጃውን ወደ ጓሮ አዞርነው። አሁን በብርድ እዚያ ቆማ ትጋግራለች፤ አታጉረመርምም። ፊቷ ግን ያጉረመርማል።

ያንን ሌሊት ጥርት ብሎ አሳየ። ሃርዋንት የበሩን መቀርቀሪያ ሳይቀር አየሁ አለ። ደስ አለኝ።

ፖህ 10

እንደገና ነጭ። ምድጃው ጓሮ ነው... ታዲያ ጥቀርሻው ከየት መጣ?

ፖህ 12

ዛሬ ስለ ካሜራ አይደለም።

ትናንት ሌሊት ናሲብ ባነነችና አየችኝ። ጮኸች። "ማነው ይሄ ሰውዬ? ክፍሌ ውስጥ ምን ይሠራል?" እኔን ነው። ስሜን ብነግራት ባሰባት። ኪራን ሮጣ መጣች፣ ለእሷ ዝም አለች።

አልጋዬን አውጥቼ በረንዳው ላይ ዘረጋሁ፣ ከበሯ ፊት። ልትወጣ ብትል በላዬ ነው የምታልፈው። ዛሬ ሃርዋንት፣ "የት ነው የሚተኙት?" ሲለኝ፣ "አጠገቧ" አልኩት። በሩ መሃላችን ቢኖርም አጠገቧ ነው። ኪራን፣ አንቺም አፍሽን ያዢ።

ውጭው ብርድ ነው። የጥጡ ብርድ ልብስ ሲነጋ ተጨምቆ ውኃ ይወጣዋል።

ፖህ 15

አምፖሉን አጠፋን፣ አበራን። የበረንዳውን አምፖል በሌላ ቀየርን። ቲርሎክ መብራቱ ማታ ማታ ስለሚደክም ነው አለና ሽቦ ለወጠ። ነጭ። ካሜራው ራሱ ተበላሽቷል፣ ይለወጥ አለ። ሌላው መቼ ይመጣል ስለው፣ "ከበዓሉ በኋላ" አለኝ። ከበዓሉ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ዛሬ ከሥሩ ተቀምጬ ዋልኩ፣ አንጋጥጬ። ጎሽ ብትሆን አፏን ከፍቼ አያት ነበር። ሰኮናዋን አነሣ ነበር። ይሄን ምኑን ይዤ ምኑን ልመርምር? በሬ የገራ እጅ ነው የያዝኩት። ለምንም አልሆነም።

ፖህ 18

አየሁ።

ዛሬ ሊመሽ ሲል ሃርዋንት በሳጥኑ አውርቷት ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ከጎሿ ዘንድ ነኝ። ናሲብ በርጩማ ጎትታ ምሰሶው ሥር አቆመችና ወጣችበት። ልጮህ ነበር... እንዳትደነግጥና እንዳትወድቅ ዝም አልኩ። በእጇ የኩል ብልቃጧን ይዛለች።

በሳጥኑ መሃል ባለው መስተዋት ዙሪያ፣ ሲጨልም፣ ቀያይ ነጠብጣብ ይታያል፣ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም። "ዓይንህ ቀላ እኮ፣ ልጄ። ማነው ያየብህ?" ትላለች። በጣቷ ኩል እየጠቀሰች ቀያዮቹን አንድ በአንድ ቀባቻቸው። ልጅ ሳለም ግንባሩ ጥግ ላይ እንዲሁ ነበር የምታደርግለት፣ የሰው ዓይን እንዳይበላው። መሃሉን አልነካችም። "ብሌኑን አልነካብህም፣ አትፍራ" አለችው።

ለዚህ ነው ቀን ደህና የሚሆነው፣ ሌሊት የሚታወረው። በየማታው መብራቱን ነው የምትቀባበት፤ ቅባቱ እንደ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ይወረውርበታል። ግድግዳዬም በከንቱ፣ የኪራን ምድጃም በከንቱ...

እጄን ዘርግቼ፣ "ስጪኝ" አልኳት። ብልቃጡን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። "ሌባ" አለችኝ።

ፖህ 19

ጠዋት ጠረግሁ። ማታ ቀባች።

ፖህ 20

ብልቃጡን ስትተኛ ወስጄ ደበቅሁት። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ምሰሶውን አቅፋ ቆማ ዋለች። "ልጄ ይታወርብኛል" ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ሲመሽ መለስኩላት። ምን ላድርግ? ብወስድባት ትሞታለች፣ ብተውላት ይወስዷታል።

ፖህ 22

ብልሃቱን ኪራን አመጣችው። እኔ አላዘዝኳትም። ከሃርዋንት ጋር በአፏ ተናግራ አታውቅም፤ ዛሬ በስልክ፣ ክንብንቧን እንደተከናነበች፣ ሁሉን ነገረችው።

ማታ ሃርዋንት በሳጥኑ መጣ። "ቤቤ፣ ዓይኔ ድኗል እኮ። ኩሉን እዚህ የሥራ ጓደኞቼ እያዩ ይስቁብኛል። ከጆሮዬ ጀርባ አድርጊልኝ፣ ማንም በማያየው።"

ናሲብ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? "አድጎ ማፈር ጀመረ" አለች። ኪራን በርጩማውን ያዘችላት። ከሳጥኑ ጀርባ አንድ ትልቅ ጥቁር ነጥብ አደረገችለት። ቀያዮቹን አልነካችም። ፊት ለፊቱን ኪራን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችው።

ዛሬ ሌሊት ጥርት ብሎ ያያል። አሸነፍን። ኪራን፣ "አሸነፍን" የሚለውን ጎላ አድርገሽ ጻፊው።

ፖህ 23

ሃርዋንት ዛሬ በሳጥኑ አልመጣም። በስልክ ደወለ። እኔን ፈልጎ።

ሌሊት ናሲብ ወጥታ ነበር። ብርድ ልብሴን ገፈፈችና፣ "ተነሥ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ባሌ መጥቶ ቢያይህ ምን ይላል?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ጎሿ ገንዳ አጠገብ ጡብ ላይ ተቀመጥኩ፣ በሩን እየጠበቅሁ። እዚያው ነጋ። ለማንም ልናገር አላሰብኩም።

"ባፑ፣ ስንት ቀን ሆነዎ ውጭ ሲያድሩ?"

"ምስሉ ነጭ ነው፣ ተሳስተሃል።"

"ጥርት ያለ ነው። ጢምዎ ላይ ጤዛው ይታያል።"

እጄ ወደ ጢሜ ሄደ። በስልኩ ላሞቹ ሲጮኹ ይሰማል። የሚያለቅስ መሰለኝ፣ አልጠየቅሁም።

"በዚህ ብርድ እርስዎም ይሞታሉ።"

"የምሞት ከሆነ ፈቃዱ ከጣሊያን አይመጣልኝም።"

"ለሱርጂት ደውያለሁ" አለ።

እሷን ብቻ የሚያይ መስሎኝ ነበር። ሰው በመሰላል ያስወጣሁት፣ ግድግዳ የለቀለቅሁት፣ ዓይኑ እንዲበራ ስማስን የከረምኩት እኔ። እኔንም ያያል ብዬ መች አሰብኩ?

ፖህ 26

ሱርጂትን በስልክ ለመንኳት። እኔ ለመንኩ፣ ይጻፍ። "እኔንም ውሰጂኝ፣ ጥግ ይበቃኛል" አልኳት።

"ባፑ፣ እርስዎን ስታይ እኮ ነው የምትጮኸው። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጎረቤት አለብኝ" አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። እያለቀሰች ነው ያለችኝ።

ማግህ 1

ትናንት ሎህሪ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አነደደ። እኛ አላነደድንም።

ዛሬ ረፋድ ላይ መኪናው መጣ። ናሲብን ወፍራሙን ሻል አለበሷት። ኪራን የኩል ብልቃጡን እጇ ላይ አስያዘቻት። ሱርጂት በዚያኛው ቤት ስልክ ግድግዳ ላይ እሰቅልላታለሁ፣ ሃርዋንት በእሱ ያናግራታል ብላለች። ጥሩ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ እንዳትጮህ።

መኪናው ዘንድ ስትደርስ ቆመችና ወደኔ መጣች።

በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። "የሃርዋንት አባት" ነበርኩ። "ይሰማሉ?" ነበርኩ። ስንጋባ ጢሜ ገና ማቀምቀም መጀመሩ ነበር፣ ይኸው ሸበተ፤ ስሜን አንድ ቀን ከአፏ አልሰማሁም።

"አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት። "ጋጃን ከማሳ ሲመለስ ንገረው። ልጇ ዘንድ ሄዳለች፣ ትመጣለች በለው። እንዳይፈልገኝ። ሌሊት ቦዩ ዳር ወርዶ እንዳይፈልገኝ።"

"እነግረዋለሁ" አልኳት።

አመነችኝ። ገባች።

አልጋዬን ወደ ክፍሉ መልሻለሁ። ሳጥኑ እዚያው ምሰሶው ላይ ነው። ሲመሽ ሃርዋንት፣ "ባፑ፣ ምስሉ በጣም ጥሩ ነው" አለኝ፤ ሌላ የሚለው አጥቶ ነው። "ምን ይታይሃል?" አልኩት። "ግቢው" አለ።

ይበቃል። ኪራን፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስሜን ከጠራችበት ስትደርሺ ቀስ በይ።