በክር የተለካች ሳህን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አንድ በአንድ የምጠይቅሽ በአንዲት «ደህና ነኝ» ጠቅልለሽ እንዳታልፊኝ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከያዘኝ ጥርጣሬ በቀር ደህና ነኝ። ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሆነ ትደርሺበታለሽ። ይህን በስልክ ያላነሳሁት፣ ጠንከር ያለ ነገር ስጠይቅሽ ሁልጊዜ መስመሩ ስለሚቆረጥ ነው። ደብዳቤውን የምታነቢላት እህቴም፣ መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢላት።

ሥራ ላይ ራሴን አዞረኝ ብዬሽ አልነበር? አናጺ መጋዝ ይዞ ራሱን ሲያዞረው ቀልድ ስላልሆነ፣ አሠሪዬ ጤና ጣቢያ ሰደደኝ። ነርሷ ደሜን አይታ ስኳርህ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ለመድኃኒት ገና ነህ፣ ግን ለስላሳና ጣፋጭ ትተህ ለጤና የሚስማማ ምግብ ብላ አለችኝ። እኔም ከታዘዝኩት አላጓደልኩም። ለስላሳውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ጥቁር ዳቦ ጥሩ ነው ሲሉኝ ሙሉውን ዳቦ፣ አቮካዶ ጥሩ ነው ሲሉኝ በማንኪያ እየዛቅኩ፣ ለውዙን ደግሞ የሥራ ልብሴን ኪስ ሞልቼ ቀኑን ሙሉ ስቆረጥም እውላለሁ። ጤና በዛብኝ ብሎ የሞተ ሰው የለም ብዬ ነው። አብሮኝ የሚሠራው፣ ቀጮ የምንለው ልጅ፣ በሬም እንዳንተ ለጤናው አይጨነቅም እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በወሩ ስመለስ ስኳሩም ክብደቱም ጨምሯል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው። ወርጄ እንደገና ወጣሁበት፣ ጫማዬን አውልቄም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ነርሷን ጠረጠርኩ፤ የሌላ ሰው ደም ከኔ ጋር ተምታቶባት ይሆናል ብዬ። እሷ ግን ምን ያህል እንደምበላ ጠይቃኝ ስነግራት፣ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ጥሩ ምግብም ልክ አለው፤ ለውዙ አንድ እፍኝ፣ ዳቦው አንድ ቁራጭ፤ የሳህንህን ግማሽ አትክልት ሙላበትና የቀረውን ለሌላው አካፍለው አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላመንኳትም። አንድ እፍኝ ለውዝ ለወፍ ነው እንጂ ለአናጺ ነው እንዴ?

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአክስቴ ነገርኳት። ጉዱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ራት ሲቀርብ ሳህኔ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ጨርሼ ስነሳ ግን ሆዴ ቅሬታ አለው። ምስሩ ያው፣ ጎመኑ ያው፣ ሳህኑም ያው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳህን። አክስቴ በስተርጅና ቆንቋና ሆነች እንዴ አልኩ። የኔን ድርሻ ለጎረቤት እያሻገረች ይሆናል ብዬ ድስቱን ከፍቼ አየሁ፤ ምግቡ ተርፎ ተቀምጧል። ይሄኔ ይብስ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን እሷ ሱቅ ወጣ ስትል ቤቱን ስፈትሽ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ በአንሶላ የተጠቀለሉ ሳህኖች አገኘሁ። ቀለሙም ጠርዙም አንድ ዓይነት ነው፤ በሜትር ስለካቸው ግን እኔ ከምበላበት በአራት ጣት ይሰፋሉ። ተመሳሳዩን አነስ አድርጋ ገዝታ ነው ስታበላኝ የከረመችው! በር በጥቂቱ ሲንጋደድ ከሩቅ አያለሁ የምለው ሰውዬ፣ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ሳህን አላየሁም።

ስትመጣ ሁለቱን ሳህን ደራርቤ ጠረጴዛው ላይ ጠበቅኳት። አልካደችም። እናትህ ናት በስልክ የመከረችኝ፤ ልጄ በቃኝ አያውቅም፣ ሳህኑን ብታሳንሺበት ግን ሙሉ ሆኖ ስለሚያየው ዓይኑ ይጠግባል ብላኛለች አለችኝ። መሳቅ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን ቀጠለችና፣ እናትህም መጀመሪያ ከብዷት ነበር፣ ኋላ ነው የለመደችው ብላ ምላሷን ነከሰች። እናቴ ደግሞ ለምን በትንሽ ሳህን ትበላለች ብዬ ብጠይቃት፣ የታጠበ ልብስ ላስገባ ብላ ወጣች። ልብሱ ገና ውኃው ይንጠባጠብ ነበር።

እማዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር ስገጣጥም ነው የሰነበትኩት። ጫማ ልላክልሽ ስልሽ፣ እግር የማይጨቁን ሰፊና ለስላሳ ይሁን ያልሽኝ ለምንድን ነው? ደብዳቤዬን ራስሽ እየደጋገምሽ ታነቢ አልነበር፣ ከመቼ ወዲህ ነው እህቴ የምታነብልሽ? በደወልኩ ቁጥር ስንት ቁራጭ ዳቦ እንደበላሁ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር። አንቺስ ምን በላሽ ስልሽ፣ እኔን ተወኝ ትያለሽ። እማዬ፣ ፈርቻለሁ። ስኳር ይዞሽ እንዳልጨነቅ ብለሽ ደብቀሽኝ ከሆነ፣ ይኸው ሳላውቀው በእጥፍ እየተጨነቅኩ ነው።

ስለዚህ እንዋዋል። ትልልቆቹን ሳህኖች በገዛ እጄ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ መልሻቸዋለሁ፤ ለውዙንም ከኪሴ አራግፌያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ነጭ ክር ታገኛላችሁ፤ ከዳር እስከ ዳር የኔ ሳህን ወርድ ነው። አንቺም የምትበዪበትን ሳህን እንዲሁ በክር ለክተሽ ላኪልኝ። አውቅሻለሁና፣ የእንግዳውን ሳህን እንዳትለኪብኝ። ክርሽ ከኔ ከረዘመ ተሳስቻለሁ፤ እናቱን የሚሰልል ልጅ ወለድኩ ብለሽ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

አባቴ በጣም ናፍቆኛል፣ ሰላም በይልኝ። ስለ ጤናሽ ስጠይቀው ስለ ዝናብ የሚያወራኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛልና፣ እሱም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ፤ እሷን ብቻ እስካሁን አልጠረጠርኩም። አንቺ እህቴ፣ በሁለት ጉንጭሽ ሳምኩሽ። ሳህኑን አንቺ ለኪው፤ ዓይኗ ክር ለመያዝ አይመች ይሆናል። ክሩ ከኔ ካልረዘመ ግን አትላኪው። በዚህ ወር መጨረሻ ካልደረሰኝ አውቀዋለሁ፤ ከአሠሪዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ራሴው እመጣለሁ።

አጥብቆ የሚወድሽ ልጅሽ

ከአክስቴ ቤት፣ ከጓሮው ክፍል
ጥቅምት ፰ ቀን