የጋሽ መንገሻ ፒያኖ

ሃሴት፣ አንቺ ነገረኛ፣

ኦክላንድ ያረፍኩባቸው ጋሽ መንገሻ፣ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ የደረሱት ሳን ሆዜ ያሉት ጋሽ ግርማቸው በሠሩላቸው ፒያኖ ነው። እኔ ጅሉ የጋሽ መንገሻን ድምፅ አስመስዬ ለጋሽ ግርማቸው ኮል አድርጌ፣ «ሌላ ፒያኖ ገዝቻለሁ፤ ያንተን ውሰድልኝ» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ እኮ ነው! በማግስቱ ሽማግሌው ጋሽ ግርማቸው መጠቅለያ ብርድ ልብስ ታቅፈው በራፉ ላይ ቆሙ።

«ሌላ ሰው ሲያነሳው እንዳይጭረው ብዬ ነው» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ የደወልኩት» አልኩ።

ጋሽ መንገሻ እኔን ትተው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ግርማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እንዴት አመንክ?»

«ድምፅህን ነዋ የሰማሁት!»

ማንም አልተቆጣኝም፤ ምነው በጥፊ ባሉኝ! ሰፈር ቢሆን ጎረቤታችን እትዬ እጅጋየሁ በአንድ ኩርኩም ይገላግሉኝ ነበር። እሳቸውን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነቢላቸው።

ዮዳሄ