የማይከፈተውን በር ላንኳኳው ኮሚቴ

ለኤልም ስላው ገጠር ወረዳ የቅርስ ኮሚቴ ክቡር ሊቀመንበር፣
ማኒቶባ፣ ካናዳ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም የተከበሩ የኮሚቴ አባላትዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮ ውስጥ፣ በረዶው በሚገባ በተጠረገለት መንገድ ዳር እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቶራ ጊለስፒ፣ እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። የምጽፍልዎም ኮሚቴዎ ባለፈው መኸር «ሰው የማይኖርበትና የቅርስ ዋጋ የሌለው» ብሎ በወሰነበት የጡብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ለእህል ጫኝ መኪኖች መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ በጸደይ እንደሚፈርስ ስላስታወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን ሰው በማይኖርበት ቤት አድራሻ መላካችሁ በተለይ ልቤን ነክቶታል።

ቅሬታ ማብዛት አልወድም፤ ይሁን እንጂ ለመዝገባችሁ እንዲመች በቁጥር ላቅርበው።

፩. ስለ በሩ። የላካችሁት ወጣት ባለሙያ የፊት በራችንን ደጋግሞ አንኳኩቶ መልስ እንዳጣ ጽፏል። እውነቱን ነው። በዚህ ሜዳ የተወለደ ሰው ሁሉ ወደ እርሻ ቤት የሚገባው ከጓሮ፣ በወጥ ቤት በኩል ነው፤ የፊት በር ሙሽራ ሲገባና ሬሳ ሲወጣ ካልሆነ አይከፈትም። እኔም በዚያ በር ያለፍኩት አንድ ጊዜ፣ በነጭ ቀሚስ ነው። ባለሙያዎ ሲያንኳኳ ባለቤቴ ዊልፍሬድና እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የገብስ ሾርባ እየጠጣን ነበር። ዊልፍሬድ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ማነው በፊት በር የሚመጣው? ገና አልሞትኩም እኮ!» ሲል እኔን ሳቅ ያዘኝ። ያው እንደ ሰው ዞሮ ይመጣል ብለን ጠበቅነው። አልመጣም። ውሳኔያችሁ በደረሰን ማግስት ቤት ውስጥ እንዳለን ጽፌ አሳወቅሁ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል ጨዋ መልስም ደረሰኝ።

፪. ስለ ሰሜኑ ግድግዳ። ባለሙያዎ «የተጣመመ፣ የአሠራር ጉድለት ያለበት» ብሎታል፤ ለዓይኑ አድናቆቴን ይቀበልልኝ። ቤቱን የሠራው የዊልፍሬድ አያት አርቺባልድ ነው። ጭቃውን የቆፈረው ዛሬ ዳክዬዎቻችን ከሚዋኙበት ኩሬ ሲሆን ጡቡንም እዚያው አጠገብ ነው ያቃጠለው። ከዚያ በፊት የሚኖሩት ከነሣሩ ተቆርጦ በተደረደረ አፈር በተሠራ ጎጆ ነበር። የጎጆው ጣሪያ በልጇ አልጋ ላይ ጭቃ እያንጠባጠበ ያስመረራት ሚስቱ አግነስ፣ «ሁለተኛ ልጅ ከአፈር ሥር አልወልድም። ከአፈር ሥር የምገባው ስሞት ነው!» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ሦስቱ ግድግዳዎች እንደቆሙ አርቺባልድ ከመወጣጫው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ብርዱ እየመጣ ስለነበር ሰሜኑን አግነስ ከነእርግዝናዋ ብቻዋን ገነባችው። እሱ ጋሪ ላይ ተጋድሞ፣ «ጠመመብሽ! አንቺ ሴት፣ ጠመመብሽ እኮ!» እያለ ሲጮኽ፣ «መጀመሪያ አንተ ቀጥ ብለህ ቁም!» ትለው ነበር አሉ።

በአገራችን ክፉው ነፋስ የሚመጣው ከሰሜን ነው። ያ የተጣመመ ግድግዳ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተቋቋመው። አንድ ጊዜ ግንበኛ መጥቶ ልለስንላችሁ ሲለን ዊልፍሬድ፣ «የሴት አያቴን እጅ ልትደፍንብኝ ነው?» ብሎ አባሮታል።

፫. በቤቱ ውስጥ የታወቀ ሰው አልኖረበትም ተብሏል። ትክክል ነው። እኛ የምንተዋወቀው እርስ በርሳችን ብቻ ነው።

፬. ስለ በረዶው። ቤቱ ባዶ ነው ከተባለ በኋላ በረዶ ጠራጊያችሁ ወደ ግቢያችን የሚያስገባውን መንገድ ትቶታል። ነዳጅ በመቆጠቡ እንደ አንድ ነዋሪ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በብርዱ ወራት አጋማሽ፣ ውሽንፍሩ በበረታበት ቀን፣ ዊልፍሬድን ደረቱን ያዘው። አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ድረስ መጥቶ የበረዶው ክምር ጋ ቆመ። ጎረቤታችን ስቴፋን ኮቫልቹክ በትራክተሩ መንገዱን እስኪከፍት ድረስ ዊልፍሬድ ቀይ መብራቱን በመስኮት ያየው ነበር። እጁን ይዤ «መጡልህ፣ ይኸው መጡልህ» እለው ነበር። አልደረሱለትም።

ሐኪሙ በጊዜ ቢደርሱም አይተርፍም ነበር ብሎኛል። ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ግን ክቡር ሆይ፣ ባሌን ዋሸሁት። የመጨረሻ ቃሌ ለእሱ ውሸት ሆነ፤ ይህንን የሚያነሣልኝ ኮሚቴ የለም።

በቀብሩ ዕለት የፊት በሩ ተከፈተ። ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር ስቴፋን በትከሻው ገፍቶ ነው ያላቀቀው። የሬሳ ሣጥኑ መቃኑ ጋ ሲደርስ ስቴፋን ተሸካሚዎቹን፣ «ኧረ ቀስ በሉ! በሩን እንዳትቧጭሩት!» አላቸው። ከዚያ ቤቱ በጸደይ እንደሚፈርስ ትዝ ሲለው እዚያው ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሁላችንም አለቀስን።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ በሩ የሚሠራ መሆኑን በምስክሮች ፊት አረጋግጠናልና ውሳኔያችሁን እንደገና እንድትመለከቱት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ስለ ድካማችሁ፣ ስለ ትጋታችሁና በተለይም ስለ ፍጥነታችሁ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ በሌለሁበት ቤት የምኖር፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ቶራ ጊለስፒ

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያዎን ዳግም ከላኩልኝ በጓሮ በኩል ይምጣ፤ የፖም ኬክ አይጠፋም። የፊት በሩን ግን እባክዎ አያንኳኳው፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ማፍረሻ መኪናው ከቀደመኝ ደግሞ በየት በኩል እንደምወጣ ኮሚቴው ወስኖ በጽሑፍ ያሳውቀኝ። አድራሻዬን ታውቁታላችሁ።