ኳስ ያየንበት ባትሪ

ማቲዎስ፣

ያልቀሰቀስኩህ አዝኜልህ እንዳይመስልህ፤ ፊትህን ማየት አስጠልቶኝ ነው።

ልትፈትሸው ቤት ያመጣኸውን የካፒቴን አብደላን የአውሮፕላን ባትሪ ወደ ሥራ ቦታ ይዤው ሄጃለሁ። የፈተና ወረቀቱ ላይ «ዘጠና ደቂቃ ሠርቷል፣ ደህና ነው» ብለህ ፈርመህ አገኘሁት። ዘጠና ደቂቃ! እሑድ መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ሰክተህ ኳስ ያየህበትን ነው ፈተና ያልከው? ስምንት ዓመት ሙሉ ቴክኒሻን ተብለህ?

ትናንት ቻርጅ አድርጌው ዛሬ ጠዋት በመፈተሻው፣ በደንቡ ጭነት፣ አውሮፕላኑ በሚስበው ኃይል ልክ ሞከርኩት። በአሥራ አንድ ደቂቃ ሞተ። ጄኔሬተሩ አየር ላይ ቢበላሽ ሬዲዮውንና መሣሪያዎቹን ግማሽ ሰዓት መያዝ ያለበት እሱ ነው። ሰውየው እንጦጦን በጉም ሲያቋርጥ ምን ሊያይበት ነው፣ ኳስ?

«ሞተር ካስነሳ ባትሪ ነው» የምትለውን ፍልስፍናህን ለካራ መስመር ሚኒባሶች ንገራቸው። እነሱ ሲቆሙ ተወርዶ ይገፋል።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ።
ውሃ ዛሬ ስለሚመጣ በርሜሉን ሙላ።

እኔም አብሬህ አይቻለሁ። ከምን ላይ እንደሰካኸው እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ጎሉ ሲገባ ጮኼያለሁ።

ካፒቴኑ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላል። ስልኩን አንተ አንሳና ዛሬ ለምን እንደማይበር ራስህ ንገረው። እኔ ስነግረው አያምነኝም፤ «ማቲዎስ ፈርሞበት የለም እንዴ?» ነው የሚለኝ።

ታዴዎስ